የላላው የኋላ ጎማ

ኖርክሮስ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ስኖር ወደ መጋዘኑ ሥራ የምሄደው በብስክሌት ነበር። የኋላ ጎማዋ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ሲጀምር ጎረቤቴ፣ ታክሲ የሚነዱ የወሎ ሰው፣ ጠዋት ጠዋት ያደርሱኝ ጀመር። መንገድ ላይ ስለ ተሳፋሪዎቻቸው ያወሩልኛል፤ እኔ እሰማለሁ። በዚያን ጊዜ ከሰው ጋር የማሳልፈው ሰዓት ያ ብቻ ነበር። ግን ሰውየውን ማስቸገሬ ይሉኝታ አሳደረብኝ፤ እሑድ ዕለት ብስክሌቷን በረንዳ ላይ ገለበጥኳት።

ቸርኬውን ይዤ ወደ ጎን ስገፋው "ቋ" አለ። የውጭው ዳዶ ጠብቋል። የላላው ከሥሩ ያለው፣ ጎማው የሚዞርባቸውን የብረት ኳሶች የሚደግፈው ሾጣጣ ዳዶ ነበር። የውጭውን ፈታ አድርጌ እሱን አጠበቅሁት። ድምፁ ጠፋ፤ ጎማው ግን ሲዞር ያንገራግር ጀመር። መልሼ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ አላላሁት። ያኔ ያለ ድምፅ ዞረ።

ጎረቤቴ በደረጃው ሲወርዱ አዩኝ።

"ተሠራች እንዴ?"

ገና ናት ማለት እችል ነበር፤ ጎማው ግን ፊታቸው እየዞረ ነው።

"ተሠራች፣ ጋሼ።"

"ማሻ አላህ! እንግዲህ ወሬዬን ለማን ላወራ ነው?" ብለው ሳቁ።

"ለእኔ" ልላቸው ፈለግሁ። ግን እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ።

ሰኞ ጠዋት በታክሲያቸው አጠገብ አለፍሁ፤ መስታወቱን ጤዛ ሸፍኖታል። ጎማው ምንም ድምፅ ስለሌለው እስከ መጋዘኑ ድረስ የሰማሁት የራሴን ትንፋሽ ነበር።