ውሃ የማይጠይቀው ጦስኝ

አክስቴ ኩሩ ሴት ናት። አውቶቡስ ቢያመልጣት ጥፋቱ የሾፌሩ ነው፤ ጫማ ቢጠባት የሰፊው። ይህን የምለው ውለታዋን ረስቼ አይደለም። እናታቸው ስትሞት ታናሽ እህቷን፣ ማለትም እናቴን፣ አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት። ራሷ ሳታገባ እናቴን ድራለች። እናቴም «እቴቴ እንዲህ አለች» ከተባለ ወዲያ ክርክር አታውቅም።

አክስቴ የማዘጋጃ ቤቱ ችግኝ ጣቢያ ኃላፊ ነበረች። እናቴ ደግሞ ከሌሎች ሴቶች ጋር የመንገድ ዳሩን ቦይ ሳር ታጭዳለች። ሳሩ ካልታጨደ ክረምት ላይ ውሃ ያግድና መንገዱን ያጥለቀልቃል። እናቴ ወደ ቤት ስትመለስ እግሯ ጭቃ በጭቃ፣ ወገቧም አልቃና ብሏት ነው። ቢሆንም የምንኖረው በዚያች ማጭድ ነበር፤ አባቴ እንደሆነ ከሄደበት አልተመለሰም።

አንድ ቀን የመንገድ ክፍሉ አለቃ አክስቴን ጠርቶ፣ ማጨድም ማጠጣትም የማይፈልግ፣ ሳሩን የሚተካ ተክል ምረጪ አላት። ጫማዋን አውልቃ ቦዩ ውስጥ ወረደች፣ አፈሩን በጣቷ እያሸች አየች። ውሃ ለሚቆምበት ለታችኛው ወለል ቄጠማ፣ ለላይኛው ጠርዝ እሬት፣ ለተዳፋቱ ደግሞ መሬት ለመሬት የሚሄድ ጦስኝ መረጠች። አለቃው በጦስኙ አልተስማማም።

«በጋውን አይችለውም» አላት።

«በኔ ይሁንብኝ!» አለች።

እናቴ ሰግታ ነበር። «እቴቴ፣ ሳሩ ከጠፋ እኛስ?»

«ሞኝ አትሁኚ! ወደ ችግኝ ጣቢያው ትዛወራላችሁ። አለቃው ቃል ገብቶልኛል።»

መጀመሪያ ከድልድዩ እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር ባለችው ቁራጭ ላይ፣ ለአንድ በጋ እንዲሞከር ተወሰነ። ማንም ጠብታ ውሃ እንዳያፈስበት ታዘዘ። ሳሩን ነቅለው ጦስኙን የተከሉት እናቴና ጓደኞቿ ናቸው። የራሳቸውን ጉድጓድ በራሳቸው እጅ ቆፈሩ ማለት ይቀላል።

በጋው እሳት ነበር። ጦስኙ ግን ፍንክች አላለም። አለቃው ፎቶ አነሳው፤ አክስቴም «አላልኩም?» እያለች ሰፈሩን አዳረሰች። ወዲያው መንገዱ በሙሉ ተተከለና አጫጆቹ ተሰናበቱ። የተገባውን ቃል ንፋስ ወሰደው። እናቴ የሰው ልብስ ማጠብ ጀመረች። አክስቴ በመጣች ቁጥር «ትንሽ ታገሺ፣ አናግረዋለሁ» ትላለች። ታናግረው አታናግረው እንጃ።

በሚቀጥለው በጋ ጦስኙ ከዳር እስከ ዳር ደረቀ። ዝናቡ ሲመጣ የተራቆተው ተዳፋት ተንዶ ቦዩን ደፈነው፣ ጎርፉም መንገዱ ላይ ወጣ። አለቃው በሰው ፊት ወረደባት። አክስቴ ከዚያ በቀጥታ እኛ ቤት መጥታ ቆማ ትንጨረጨር ጀመር።

«አንዱ ምቀኛ መድኃኒት ረጭቶበታል! አምና የቻለ ተክል ዘንድሮ ምን ነካው?»

እናቴ ሳፋው ላይ እንዳጎነበሰች ነበር። «እቴቴ፣ ማንም አልረጨበትም» አለች። «አምና እኔ አጠጣው ነበር።»

«ምን?»

«ከሥራ ስንወጣ፣ ጓደኞቼ ሲሄዱልኝ፣ በጀሪካን። ሲጠወልግ አየሁና ሰው እንዳይስቅብሽ ብዬ ነው።»

አክስቴ ፊቷ አመድ መሰለ። ወንበር ስባ ተቀመጠች። እኔ ልቤ ደስ አለው፤ አልዋሽም። ነገ ሄዳ «ተክሉ እጅ ይፈልጋል፣ ሴቶቹን መልሱልኝ» ትላለች ብዬ ነው። ቢበዛ ትንሽ ይስቁባታል፣ እናቴ ግን ሥራዋን ታገኛለች። እናቴም ይህንኑ ሳታስብ አልቀረችም፤ እጇን ከሳሙናው አውጥታ እየጠበቀቻት ነበር።

«ይህን ለሌላ ሰው ነግረሻል?» አለች አክስቴ።

«ኧረ ለማንም።»

«እንግዲያው ለማንም እንዳትነግሪ።»

እናቴ «እሺ፣ እቴቴ» አለችና እጇን ወደ ሳፋው መለሰች።

አክስቴ ገና ከወንበሯ ሳትነሳ እኔ ተነስቼ በሩን ከፈትኩላት።