እማዬ መጣ

እኛ ልብስ ክፍል ውስጥ ዚፕ የምንለው ልብስ ሰፊ አለ። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ አልጸጸትም። አፉ ተዘግቶ ይውላል፣ ሲከፈትም በመከራ ነው። ለፊልም የሚሰፋውን ልብስ ሁሉ ከጎኑ ቆሜ ስተኩስ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ካውያዬ ይሻለኛል፣ እሱ ቢያንስ ይተነፍሳል።

እናታቸው ስትሞት ዚፕ የአሥራ ስድስት፣ እህቱ የአምስት ዓመት ልጆች ነበሩ። ጸጉሯን እየጎነጎነ፣ ዩኒፎርሟን እያጠበ አሳደጋት። ከፍ ስትል ጓደኞቹ ፊት ልታበሽቀው «እማዬ» ብላ ጠራችው፤ በዚያው ቀረ። እሷም በጊዜዋ ወለደች። የልጅቷ አባት ገና ሳትወለድ እብስ ብሏል። ሦስቱ በሁለት ክፍል ቤት ሲኖሩ ሕፃኗ አፍ የፈታችው እናቷ «እማዬ መጣ፣ በር ክፈቺለት» ስትል እየሰማች ነው። እናቷንም እማዬ፣ አጎቷንም እማዬ ትላለች። ቤታቸው የሄድኩ ቀን ማን ማንን እንደሚጠራ ግራ ገብቶኝ ተመልሻለሁ።

ባለፈው ዓመት እህቱ ታማ ሞተች። ዚፕ በሦስተኛው ቀን ጺሙን ተላጭቶ ሥራ ገባ። በጣም ተናደድኩና አንተ ሰው አይደለህም እንዴ አልኩት። ምንም አይሰማኝም አለኝ፤ ለረጅም ሰዓት የተቀመጡበት እግር እንደሚደነዝዘው ልቡ ደንዝዞበታል። የሰጡትን ይበላል፣ ጨው ይኑረው አይኑረው አያውቅም። ልጅቷን ያጥባል፣ ያለብሳል፣ መዋዕለ ሕፃናት ያደርሳል፤ ሁሉንም የሚሠራው እጁ ብቻ ነው።

ከዚያ የልጅቷ አክስት፣ የዚያ የጠፋው አባት እህት፣ መመላለስ ጀመረች። ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ፣ ባልና ቤት ያላት፣ ክፉ ቃል የማይወጣት ሴት ናት። ልጠላት ሞክሬ አልሆነልኝም። የመዋዕለ ሕፃናቱ አስተማሪ ዚፕ ሊወስዳት ሲመጣ ልጅቷ «እማዬ መጣ» እንደምትል፣ ብትታረምም እንቢ እንደምትል ነግራታለች። አክስት ሆዬ ሌሊት እንቅልፍ አጣች። ልጅቷ እናትና አጎት፣ ሴትና ወንድ ሳትለይ ልታድግ ነው፣ እኔ ወስጄ ላሳድጋት አለች። ዚፕ «ይሁን» አለ። ቅዳሜ እንድትወስዳት ተቀጠረ።

ይህን ስሰማ የሸሚዝ ኮሌታ አቃጠልኩ። ልጅ እንደ ቁራጭ ጨርቅ ይሰጣል ወይ ብዬ ጮህኩበት። ቀና ብሎም አላየኝ።

«ምንም የማይሰማው ሰው ልጅ አያሳድግም» አለኝና ስፌቱን ቀጠለ።

ያን ሳምንት የምንቀርጸው ኮሜዲ ነበር። ሁለት ወንድ ሌቦች ቀሚስና ዊግ አድርገው ሞግዚት ነን በማለት ሀብታም ቤት ይገባሉ፤ የአንገት ሐብል ሊሰርቁ ሲሉ የቤቱ ልጅ አንደኛውን እናቷ ታደርገዋለች። ሐሙስ ዕለት የቤቱን ልጅ ሆና የምትጫወተው ሕፃን ትኩሳት ይዟት ቀረች። የዚፕ ልጅ መዋዕለ ሕፃናቱ ስለተዘጋ እኔ ጋ የልብስ ቁልፍ እየደረደረች ነበር፤ አክስቷም እንድትለምዳት ብላ መጥታ አጠገቧ ተቀምጣለች። ዳይሬክተሩ ልጅቷን ሲያይ ጊዜ ፊቱ በራ።

ሥራዋ ቀላል ነው። ሌባው ሐብሉን ቀሚሱ ውስጥ ደብቆ የግቢው በር ላይ ሲደርስ ዘበኛው እንዳይጠረጥረው እሷ ሮጣ «እማዬ መጣች!» ትላለች። በቃ።

ሮጠች። «እማዬ መጣ!» አለች።

ዘበኛ ሆኖ የሚጫወተው ሰውዬ ሳቁን መያዝ አቃተው። ሌባው በአንድ ፊደል ተጋለጠ ማለት ነው። ደገሙት፤ «እማዬ መጣ!» በሦስተኛው የካሜራ ባለሙያው ራሱ ሆዱን ይዞ ተቀመጠ። ዳይሬክተሩ ብቻ ላብ በላብ ሆኗል። ዚፕ በዚህ መሀል በከንፈሩ ስፒሎች ነክሶ፣ ተንበርክኮ የሌባውን ቀሚስ ጠርዝ ያስተካክላል። ሳቁ እሱ ጋ አልደረሰም።

አክስትየው አልሳቀችም። መጥታ ልጅቷ ፊት ቁጢጥ አለች።

«የኔ ቆንጆ፣ መጣ ለወንድ ነው። እማዬ መጣች በይ እስቲ።»

ልጅቷ እንደ ትልቅ ሰው ተነፈሰች። ይህችን ሴት ከየት ጀምሬ ላስረዳት የምትል ትመስላለች።

«መጣች ካልኩማ ያቺኛዋ እማዬ ናት» አለች። «እሷ ሞታለች፣ አትመጣም። የሚመጣው እማዬ ይሄኛው ነው።» በጣቷ ዚፕን አሳየች።

ሳቁ ቀጥ አለ። ሳትለይ ታድጋለች የተባለችው ልጅ ከሁላችንም በላይ ለይታ ነበር የምታወራው። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ከጎኑ ቆሜ ማን እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አልገባኝም፤ አፈርኩ።

ዚፕ ስፒሎቹን ከአፉ አንድ በአንድ አውጥቶ እጅጌው ላይ መሰካት ጀመረ። ሁለቱ ወደቁ፤ አላነሳቸውም። የመጨረሻዋን ሰክቶ ቀና አለ።

«እህቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ለአክስትየው። «ቅዳሜ አይምጡ። ልጄን አልሰጥም።»

እሷም ቦርሳዋን ከፍታ ለራሷም ለእኔም ሶፍት አወጣች። ዚፕ ከተንበረከከበት አልተነሳም። ደረቱን በመዳፉ ይዞ ጎንበስ አለ፣ ያን ጊዜ ነው ዕንባው የመጣው። ሰው ሁሉ እያየው፣ ዊግ ያደረገው ሌባ ትከሻውን እየደባበሰው፣ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ።

«አመመኝ» አለ።

ልጅቷ ሮጣ አጠገቡ ደረሰች። «የት ጋ?» አለችው። ስፒል የወጋው መስሏት እጁን ከደረቱ ላይ አስለቅቃ ጣቶቹን አንድ በአንድ እየገለጠች የተወጋውን ፈለገች።