ጋኑ ሲከፈት የሚያልቅ ተረት

ልጅ ሳለሁ ተረት የሚያልቀው ጋን ሲከፈት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ይህን ያሳመኑኝ የእናቴ አባት፣ አባባ ዘውዱ ናቸው። እኛ ሰቆጣ ከተማ እንኖር ነበር፤ እሳቸውና ሴት አያቴ እማማ ደግሞ ወደ ዝቋላ ወረዳ በሚወስደው መንገድ ከመኪና ወርደን ሁለት ሰዓት ያህል በእግር በምንሄድበት ቆላማ መንደር ነበሩ። ዓርብ ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ እናቴ ከነደብተሬ ይዛኝ ትነጉዳለች፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ አቧራ ለብሰን እንመለሳለን። ሰኞ ጠዋት የክፍል ጓደኞቼ ምን ስሠራ እንደሰነበትኩ ሲጠይቁኝ «በርበሬ ሳገላብጥ» እላለሁ፤ ይስቁብኛል።

አባባ ለቅዳሜ የራሳቸው ሕግ ነበራቸው። ሰንበት ነውና በሬ አይጠመድም፤ ማጭድ፣ መጥረቢያ፣ ቢላ አይነሣም። ብረት የሌለበት ሥራ ግን እሳቸው ዘንድ ሥራ አይባልም ነበር። ስለዚህ በሳምንቱ ቀናት ብረት የጀመረውን ሁሉ ቅዳሜ በእጃችን እንጨርሰዋለን። ሐሙስ የተዘለዘለውን ሥጋ በበርበሬና በጨው አሽተን ገመድ ላይ እንሰቅላለን፤ የተሰጣውን በርበሬ እናገላብጣለን፤ እማማ ቅቤያቸውን ኮሰረት ጨምረው ያነጥሩና ለከርሞ ያስቀምጣሉ። እናቴ ጀርባዋ ሲዝልባት «አባባ፣ ይሄ ሁሉ ታዲያ ሥራ አይደለም?» ትላቸዋለች።

«ብረት አለበት?»

«የለበትም።»

«እንግዲያ እጅሽን አትሰብስቢ።»

እኔ ከሁሉ የምወደው የዘሩን ቀን ነበር። መኸር ሲገባ አባባ ደህና ደህናውን የቀይ ማሽላ ራስ ለይተው ያስቀምጡና አንድ ቅዳሜ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በእጃቸው ይፈለፍሉታል። ከዚያ በተነፋ አመድ ያሹታል፤ ነቀዝ አመድ የለበሰ እህል አይደፍርም ይላሉ። ቤቱ ይጨልማል፤ እማማ ኩራዙን ይለኩሳሉ፤ ምድጃው ውስጥ ፍሙ ብቻ ይቀራል። አባባ እስከ ክርናቸው አመድ ሆነው ያን ጊዜ ነው ተረት የሚጀምሩት። እህሉ እየታሸ ተረቱ ይሄዳል። እህሉ ጋኑ ውስጥ ይገባል፣ አፉ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደረጋል፣ እኔ ጭድና እበት የተለወሰበትን ጭቃ አቀብላለሁ፤ የመጨረሻዋ እፍኝ ጭቃ ስትለጠፍ ተረቱ ልክ ልብ የሚሰቀልበት ቦታ ላይ ቀጥ ይላል።

«የቀረውስ?»

«የቀረው እዚህ ውስጥ ነው» ብለው ክዳኑን መታ መታ ያደርጋሉ። «ለዘር ስንከፍተው ይወጣል።»

እውነትም ዝናብ ሲመጣ ጋኑን ከፍተው፣ ትናንት ያቋረጡት ይመስል፣ ከተዉበት ይቀጥሉ ነበር። ይህን ያመጡት እጄ ወደ ክዳኑ እንዳይሄድ ብለው መሆኑ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ ግን ተረቱ ከእህሉ ጋር አመድ ለብሶ የተኛ ነበር የሚመስለኝ። ማንም በማያየኝ ጊዜ ጆሮዬን ጋኑ ላይ እለጥፋለሁ።

ያቺ ማሽላ ከአባባ አባት የመጣች ነበረች። ዝናብ ቢያጥር እንኳ ታፈራለች፤ በሌላው ሰው ቤት ጠፍታ በመንደሩ እነሱ ዘንድ ብቻ ቀርታለች። የመጨረሻ ልጃቸው አጎቴ ካሡ ወደ ዐረብ አገር ሲሄድ እናቱን አቅፎ አልቅሶ ሲያበቃ ለአባቱ የተናገረው ስለ እሷ ነው። «ዘሯን ብቻ ይጠብቁልኝ፤ ስመጣ እኔ ነኝ የምዘራት» አላቸው። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባባ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታው ላይ ይወጣሉ፤ እኔም እከተላቸዋለሁ። ካሡ ሲደውል ሰላምታው ሳያልቅ «ዘሯስ?» ይላል። አባባም ስልኩን ከአፋቸው ራቅ አድርገው ይጮኻሉ፤ «አለች! አመዷን ለብሳ ተኝታለች!»

የዚያን ዓመት የተጀመረው ተረት የቆቅና የጃርት ነበር። ቆቅ ከጫጩቶቿ ጋር ውኃ ፍለጋ ሩቅ አገር ልትሄድ ስትነሣ አንዲት የማሽላ ራስ ነበረቻትና ለጃርት አደራ ትሰጠዋለች፤ ጉድጓድህ ጥልቅ ነው፣ ማንም አያገኛትም ትለዋለች። ጃርትም ምሎ ይቀበላታል። ክረምትና በጋ ያልፋል። ቆቅ ተመልሳ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ «ጃርት ሆይ፣ አደራዬን» ብላ ትጣራለች፤ ከውስጥ ኮሽታ ይሰማል… አባባ እዚህ ላይ ጭቃውን ለጥፈው ተነሡ። ጃርቱ ምን ይዞ እንደሚወጣ ሳስብ ስንት ሳምንት ከረምኩ።

የዚያ ዓመት መኸር ድሮም ቀጭን ነበር። ሚያዝያ ላይ ብዙ ነገር ተለወጠ፤ እኔ ግን ነገሩን አንድ ላይ አላያያዝኩትም። የቋንጣው ገመድ ባዶውን ይወዛወዛል። የቅቤው ዕቃ ታጥቦ ተደፍቷል። ድሮ ከአያቶቼ ቤት ወደ ከተማ እህል ይዛ የምትመለሰው እናቴ፣ አሁን ከከተማ ዱቄት ተሸክማ ትመጣለች፤ እሱም የሁለት ቀን ቢሆን ነው። ገበታ ሲቀርብ አባባ «እኔ ቅድም ቀምሻለሁ» እያሉ ይነሣሉ። ቅዳሜም ሥራ የለም፤ ዝም ብለን እንቀመጣለን። አንድ ቅዳሜ አባባና እማማ በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጥኛ፣ ብዙ ተነጋገሩ። እኔ ከኽምጥኛ የማውቀው ሰላምታ ብቻ ነው። እማማ ይለምናሉ፣ አባባ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ የሁለቱም ዐይን ግን ጥግ ወዳለው ጋን ይመላለሳል። እኔም ስለ ተረቱ የሚነጋገሩ መሰለኝ! እማማም እንደ እኔ መጨረሻው ናፍቋቸው ይሆናል ብዬ ደስ አለኝ።

«አባባ፣ ዛሬ ይክፈቱትና ይጨርሱልኝ» አልኩ።

እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። እማማ መሬት መሬት አዩ። አባባ ግን እኔን አዩኝ፤ ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ሳቅ የመሰለ ነገር ፊታቸው ላይ መጣና «ሰማችሁ? ልጂቱ ተረቱ ይለቅ ብላለች። ይህን ያህል መንገድ በእግሯ የመጣችን ልጅ እምቢ እንዴት እላታለሁ?» አሉ። ተነሥተው ከግድግዳው ላይ ማጭዱን አወረዱ፤ በጫፉ የደረቀውን ጭቃ ይፈለቅቁ ጀመር።

«አባባ፣ ብረት! ቅዳሜ እኮ ነው!» ብዬ ሳቅሁ። ማንም አብሮኝ አልሳቀም።

እማማ እህሉን በሰፌድ እያንገዋለሉ አመዱን ሲያራግፉ፣ አባባ ጀርባቸውን ለጋኑ ሰጥተው ተረቱን ጨረሱ። እንደ ሌላው ጊዜ በድምፅ አላስመሰሉም፤ በጥድፊያ ነው። ጃርቱ ወጣ፣ ባዶ እጁን ነው፤ የማሽላዋን ራስ በልቷታል። ቆቋ አየችውና አልተቆጣችም። በሕይወት ከቆየኸኝ ይበቃኛል አለችው። አበቃ።

«አይቀጣም?» አልኩ። በአባባ ተረት ውስጥ አደራ የበላ ሁሉ ወይ ጅራቱ ይቆረጣል ወይ ገደል ይገባል።

«አይቀጣም።»

«ለምን?»

«ጃርትም እኮ ይርበዋል፣ ልጄ።»

ይሄማ ተረት አይደለም ብዬ አኮረፍኩ። ያ ማሽላ ተቀቀለና ንፍሮ ሆኖ ቀረበ። ትንሽ አመድ አመድ ይላል። ኩርፊያዬ ብዙም አልቆየም፤ ሁለት እፍኝ በላሁ። አባባም ያን ቀን ቅድም ቀምሻለሁ አላሉም። ሳስበው አሁንም ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን ንፍሮው ጥሞኝ ነበር።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኮረብታው ላይ ወጣን። ካሡ ደወለ።

«ዘሯስ?»

አባባ እንደ ወትሮው ስልኩን ራቅ አድርገው «አለች። አመዷን ለብሳ ተኝታለች» አሉ። አልጮኹም። እኔ አፌን ልከፍት ስል እጃቸው ትከሻዬ ላይ አረፈ፤ ከባድ ነበር። ቅዳሜ ቢላ የማይነኩ ሰው፣ ከቅዳሴ ወጥተው፣ ነጠላቸውን ሳያወልቁ ዋሹ። ነገሩ ሲዞርብኝ ምናልባት ሌላ ጋን አለ ብዬ አሰብኩ። ቤት ደርሰን ከአልጋ ሥር እስከ ማድቤት ፈለግሁ፤ የለም።

ክረምት ሲገባ አባባ ከጽጽቃ ከተማ ሌላ ዘር ለምነው አመጡና ዘሩ። በዓመቱም ጋኑን በጭቃ አሸጉት፤ እኔም እንደ ልማዴ ጭቃ እያቀበልኩ ጠበቅሁ። ምንም ተረት አልጀመሩም። ብጠይቃቸው «ረሳሁ» አሉኝ። ካሡም በየሳምንቱ ይጠይቃል፤ እሳቸውም በየሳምንቱ ያንኑ ይመልሳሉ፤ እስኪሞቱ ድረስ።

ያ ነገር ግን ከእኔ ጋር ቀረ። አሁን ልጆች ወልጄ እዚሁ ሰቆጣ ቅዳሜ ቅዳሜ በርበሬ ሳሰጣ፣ ሥጋ ዘልዝዬ ስሰቅል፣ አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል። አባባ ጋኑን የከፈቱት ስለተራቡ ነው ወይስ እኔ ስለጠየቅሁ? ዝም ብል ኖሮ አንድ ሳምንት ይታገሡ ነበር? ወይስ እማማ ተርበናል ማለት እንዳይኖርባቸው እኔን ሰበብ አደረጉኝ? እናቴን ብጠይቃት «ልጅ ነበርሽ» ከማለት ሌላ አትመልስልኝም። እስካሁን ያልገባኝ ነገር ቢኖር ይኸው ነው።

አምና ካሡ ለዘለቄታው ተመለሰ። ጠጉሩ ሸብቷል። አባቱ መቃብር ላይ አልቅሶ ወደ አያቶቼ ቤት ሲገባ፣ ከሰቆጣ ሄጄ የተቀበልኩት እኔ ነበርኩ። ቀጥታ ወደ ጥግ ሄዶ የጋኑን ክዳን አነሣ። በዚያ ሁሉ ዓመት ማንም አልነገረውም ነበር።

«የታለች?» አለኝ።

ቁጭ በል አልኩትና የቆቅና የጃርትን ተረት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት፤ ብረቱንም ቅዳሜውንም ሳልደብቅ። ካሡ እጁን ጋኑ ውስጥ ሰድዶ ሥሩ የቀረውን አመድ ቆንጥሮ አወጣና በጣቶቹ አሸው።

«ቆቋ እውነት አልተቆጣችም?» አለ።

«አልተቆጣችም ነው ያሉኝ።»

«እሺ፣ አልተቆጣችም በያቸው» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ለማን እንደምናገር አልጠየቅሁትም፤ እንባው እስኪያባራለት ክዳኑን ይዤ ቆሜ ጠበቅሁት።