የግራዋ ማጠንጠኛ

ሰሞኑን የጎረቤታችን ልጅ ሰላም ስልኳን ይዛ መጣች። አንድ አሮጌ የፊልም ካሜራ ለሽያጭ ቀርቦ አይታለች። «ርካሽ ነው። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?» አለችኝ። መልሱን አውቀዋለሁ። ካሜራ መምረጥ ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ዳዊት ነው። ያስተማረኝም አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የመጨረሻውን ቀን።

ክረምቱ ሊወጣ ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት እጠብቃለሁ። ዳዊት ሰርግ እያነሳ ይኖር ነበር፤ ካሜራው ግን የሰው ነው። የራሱ የሚለው፣ ባለፊልም፣ አቅሙ የሚችለው አንድ ካሜራ ፈለገ። ጠዋት የጣለው ዝናብ ሲያባራ ከላንቻ ተነሥተን በባምቢስ በኩል ወደ ካዛንቺስ በእግራችን ወጣን። መንገድ ላይ የተጠበሰ በቆሎ ገዛና ለሁለት ሰበረው። ትልቁን ለራሱ ያዘ። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው።

ጋሽ ተስፋዬ ሬዲዮና ካሜራ ይጠግኑ ነበር። ቤታቸው ዛሬ የለም፤ ቦታው መንገድ ሆኗል። ሁለት ካሜራ አወጡልን፤ አንዱ ያብረቀርቃል፣ የሌላው ቀለም ተላልጧል። ዳዊት የተላላጠውን ወደ ጆሮው አስጠግቶ፣ መዝጊያው ቀስ ብሎ ተከፍቶ ሲዘጋ አዳመጠው። ሌንሱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ሻጋታ ፈለገ።

«የሚያብረቀርቀው አይሻልም?» አልኩት።

«እሱ ባትሪ ካልበላ አይሠራም። ይሄ ምንም አይለምንህም።»

«አንተ ልጅ፣ ዕቃዬን እያማህ ዋጋ ልታስወርደኝ ነው?» አሉ ጋሽ ተስፋዬ።

«ኧረ ጋሼ፣ ይሄን ሽማግሌ ወስጄ ልጦረው ብዬ ነው!»

ሳቁና ቀነሱለት። ፊልም አስገባና ወጣን። በራፉ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመና ካሜራውን ሰጠኝ።

«አንሳኝ።»

«ቢበላሽስ?»

«አንተ ፈሪ፣ አይነክስህም! ፎከሱ በእጅ ነው። ቀለበቱን አዙር፣ ዓይኔ ጥርት ሲልልህ ተጫን። በቀኝ በኩል ስታጠነጥን ደግሞ በግራ በኩል ያለችውን ማጠንጠኛ እያት። አብራ ካልዞረች ፊልሙ አልያዘም፤ ባዶ ነው የምታነሳው። እኔ አንድ ልደት ሙሉ ባዶ አንሥቼ ኬክ እንኳ ከልክለውኛል።»

በራሱ ወሬ ሳቀ። ያኔ ተጫንኩ። አጠነጠንኩና ደገምኩ። ዓይኔ ግን እሱ ላይ ነው፤ ማለቴ፣ ግራዋን አላየኋትም።

ካሜራውን ይዤ እንድገባ ነግሮኝ እሱ ወደ ሥራ ሄደ። ማምሻውን ስልክ ተደወለ። መንገድ ሲያቋርጥ መኪና ገጭቶታል። በቃ። ስለዚያ ምሽት ሌላ መጻፍ አልችልም።

በማግስቱ ጠዋት በራችን ላይ ድንኳን ተተክሎ ነበር። አጎቴ ከመታወቂያው ላይ ፎቶ አስተልቆ መጣ። ዳዊት ሰው ሲያነሳ እንጂ ሲነሳ አይገኝም፤ ያለው ፎቶ ያ ብቻ ነው። ግንባሩን ቋጥሮ፣ የማይታወቅ ሰው መስሎ። እናቴ አየችውና ፊቷን አዞረች።

«ይሄ የኔ ልጅ አይደለም። የሳቀበት የለም? አንድ እንኳን?»

ትናንት ያነሳሁት ትዝ አለኝ። ግን አለ ብላት፣ ፊልሙም ባዶ ቢሆን፣ ልጇን ሁለተኛ ልነጥቃት ነው።

ጓዳ ገባሁ። ካሜራው ትራሴ ሥር ነበር። ክዳኑን መክፈት አይሆንም፤ ብርሃን ከነካው ያለውም ይጠፋል። ያለኝ ግራዋ ማጠንጠኛ ብቻ ናት። ፊልሙ ከያዘ፣ ላይዋ ወደተሳለው ቀስት ቀስ ብዬ ሳዞራት መቆም አለባት። ካልያዘ ዝም ብላ ትዞራለች።

በሁለት ጣቴ አዞርኳት። ዞረች። ምንም አልያዛትም። ውጪ እናቴ ስሙን ትጠራለች። ትንሽ ጨመርኩ፤ አሁንም ዞረች። ዓይኔን ጨፈንኩ። አንድ ጊዜ ደግሞ ገፋሁና… ቆመች። ጥብቅ ብላ ቆመች።

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ወጥቼ፣ በሴቶቹ መካከል አልፌ፣ እናቴ ጆሮ ላይ ጎንበስ አልኩ።

«የሳቀበት አለ» አልኳት።

ፎቶው ለሰልስቱ ደረሰ። ዛሬም ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሏል። ጥርት አላለም፤ የግድግዳው ስንጥቅ ከዳዊት ፊት ይበልጥ ይታያል። እናቴ አንድም ቀን ደብዝዟል ብላ አታውቅም።

ለሰላም አብረን ሄደን እናዳምጠዋለን ብያታለሁ። እኔም ያንን ሽማግሌ እስካሁን እየጦርኩት ነው። ፊልም ባስገባሁ ቁጥር ግራዋን እያየሁ አጠነጥናለሁ፤ አብራ እስክትዞር ድረስ አልተነፍስም።