ነፋሴ ፈቃድ የወጣችባቸው አሥራ ሁለት ቀናት

ደብዳቤው አጭር ነበር። የሕክምና ቦርዱ የልብስ ተኳሿ የሁለት እጆቿ መገጣጠሚያዎች መጎዳታቸውን አልካደም፤ ነገር ግን የሥራ ክፍሏ መዝገብ እንደሚያሳየው ምርቷ እስካመለከተችበት ቀን ድረስ ስላልቀነሰ፣ የጤና ጉድለት ጡረታ ጥያቄዋ ውድቅ ሆኗል። ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል፣ ቅር የተሰኘ በሠላሳ ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት እንደሚችል ተጽፏል። ጀርባውን ያየችው ልጇ ናት። እናት ግን ፊቱን አንብባ እንደጨረሰች አጥፋ አስቀምጣው ነበር።

በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት አንሶላ ተኩሳለች። ባለፉት ሁለት ዓመታት ጣቶቿ አልታጠፍ ስላሏት የካውያውን እጀታ የምትገፋው በመዳፏ ነበር። ጠዋት የልብሷን ቁልፍ የምትቆልፍላት ልጇ ናት። ሆኖም ማምሻውን ተቆጣጣሪው በስሟ ትይዩ የሚጽፈው የአንሶላ ቁጥር ከዘጠና ብዙም አልወረደም።

ምክንያቱን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አጠገቧ የምትሠራው ሴት በፍጥነቷ «ነፋሴ» ትባላለች፤ አንሶላው ካውያውን ሳያየው ይተኮሳል እያሉ ይቀልዱባታል። ተቆጣጣሪው ዞር ባለ ቁጥር ነፋሴ የተኮሰችውን አጥፋ ወደ ጎረቤቷ ክምር ትገፋ ነበር። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም። በሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ግን የሌላውን ሥራ በስሙ ያስመዘገበም፣ የራሱን ለሌላ የሰጠም ከሥራ እንደሚሰናበት ይናገራል።

ደብዳቤው በደረሳት በሃያኛው ቀን ተኳሿ ይግባኟን ይዛ ወደ ሆስፒታሉ መዝገብ ቤት ሽማግሌ ሄደች። ሁለት ገጽ ሙሉ ሕመሟን ዘርዝራለች። ሽማግሌው አንብቦ መለሰላት። መታመሟን ማንም አልካደም፣ የካዱት ሥራ እንዳቃታት ነው፤ ስለዚህ ላልተጠየቀችው ከምትደክም ለተከለከለችበት ምክንያት መልስ እንድትሰጥ መከራት። ከዚያ የክፍሉን መዝገብ አወረደና በጣቱ ረድፏን ተከትሎ ወረደ። ዘጠና አራት። ዘጠና ሁለት። ሃያ ስድስት። ሃያ አንድ። አሥራ ዘጠኝ። አሥራ ሁለት ቀን እንዲሁ ሄዶ፣ እንደገና ዘጠና ሦስት።

«በነዚህ ቀናት ምን ሆነሽ ነበር?»

ነፋሴ እናቷን ልታስታምም ፈቃድ የወጣችባቸው ቀናት ነበሩ። አላስታውስም አለች።

ሽማግሌው ጣቱን ወደ ጎን ወሰደ። የነፋሴ ረድፍ በነዚያ ቀናት ባዶ ነው።

«እህቴ፣ መዝገቡ ያስታውሳል» አላት።

እሷ ግን የሰው እንጀራ ዘግቼ የራሴን አልከፍትም ብላ ነፋሴን ሳትጠቅስ መዝገቡ እንዲታይላት ብቻ ጠየቀች። ማመልከቻው በሃያ ዘጠነኛው ቀን ገባ።

በቀጠሮው ቀን ልጇ ሥራ ስለነበራት ቦርሳዋን ይዛ የተከተለቻት ነፋሴ ናት። ይግባኝ ሰሚው ጉባኤ ሦስት ሰዎች ናቸው። ተቆጣጣሪው መዝገቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በአንድ ጥግ ተቀምጧል። ሰብሳቢዋ አሥራ ሁለቱን ቀናት ድምፅ አውጥታ አነበበችና ምን እንደነበር ጠየቀች።

ተኳሿ ሕመሙ ጠንቶባት እንደነበር ተናገረች።

«እሺ። ታዲያ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ምን አዳነዎት?»

እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። ተቆጣጣሪው መዝገቡን ገለጥ አደረገ። አንደኛው የጉባኤ አባል ብዕሩን አነሳ፤ ዝምታዋ ሊጻፍ ነው።

ከኋላ አግዳሚ ወንበሩ ተንቋቋ።

«እኔ ከፈቃድ ተመለስኩ» አለች ነፋሴ።

ተኳሿ ሳትዞር፣ አንቺ ልጅ ተቀመጪ አለቻት።

«እትዬ፣ አንቺ ዝም በይ። ሁለት ዓመት ዝም ብለናል።»

በቀን ወደ ሰባ የሚሆን አንሶላ ትገፋላት እንደነበር ነፋሴ ቆማ አስረዳች። ሰብሳቢዋ ቃሏን አስጽፋ አስፈረመቻት። ተቆጣጣሪው የነፋሴን ረድፍ ከላይ እስከ ታች እንደ አዲስ ያነብ ነበር።

ውሳኔው በሦስተኛው ሳምንት መጣ፤ ጡረታው ተፈቅዷል። በዚያው ሳምንት ነፋሴ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። የሆስፒታሉ አለቆች ሊያሰናብቷት ተሰብስበው ነበር ይባላል፤ ምን እንዳስተዋቸው የነገራት የለም። ደብዳቤውን ያቀበላት ተቆጣጣሪው ነው። በዚያው ቀን ማምሻውን፣ ለጎረቤት የምትገፋው ስላልነበራት፣ በስሟ ትይዩ መቶ ስልሳ ስምንት ብሎ የጻፈውም እሱ ነው።