ያለ ሰርተፍኬት ሜዳ መግባት ክልክል ነው

ይህችን ዓረፍተ ነገር የጻፍኳት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። አፈር ያስበላኝ!

ከሚሊኒየሙ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። ጅጅጋ አንድ ሆስፒታል ውስጥ አጥንታቸው የተጎዳ ሕሙማንን ማሸት፣ መልሶ ማራመድ ነበር ሥራዬ። አንድ ቀን፣ "የቡድን ወጌሾችን ሙያ የሚያሻሽል የበጎ ፈቃድ ኮሚቴ አቋቁመናል፣ ግቢልን" አሉኝ። ወጌሻ ያሉት ያው ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሜዳ የሚሮጠውን ነው። ደስ ብሎኝ ገባሁ። በዚያን ጊዜ ከአይሻ እስከ ቀብሪበያ፣ ወጌሻ ነኝ ብሎ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ከሚቀመጠው ግማሹ ጨዋታውን በነጻ ሊያይ የመጣ ነበር። ይህ ያናድደኝ ነበር። ስለዚህ ሥልጠና ይሰጥ፣ ሰርተፍኬት የሌለው ሜዳ አይግባ፣ ሠልጣኙም አማርኛ ማንበብና መጻፍ የሚችል ይሁን የሚል፣ ለየቡድኑና ለየወጌሻው የሚበተን ደብዳቤ አረቀቅኩ። አሠልጣኙ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው፤ የሚታደለውም ጽሑፍ በአማርኛ ነው። ኮሚቴው አጨበጨበልኝ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ከኮሚቴው ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ቁም ነገሩ የሚያልቀው ደግሞ ከምሳ በኋላ፣ ሊቀመንበሩ ቤት፣ በርጫ ላይ ነው። እነሱ ትራስ ተደግፈው ጫታቸውን እየቀነጠሱ ይወስናሉ፤ እኔ በማግስቱ ቢሮ ተጠርቼ ቃለ ጉባኤ እፈርማለሁ። የሠልጣኞቹም ስም እንዲሁ ተጽፎ ጠበቀኝ። የሊቀመንበሩ ሾፌር አለበት። የቢሮው ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛም አለበት።

"ይኼ የግምጃ ቤት ሰውዬ ደግሞ በሕይወቱ ሜዳ ረግጦ ያውቃል?" ብል ሊቀመንበሩ ሳቀ።

"ሲስተር፣ አማርኛ ያነባል እኮ። መስፈርቱ ያንቺው አይደል?"

የቀብሪበያው ወጌሻ ግን የለበትም። ሙያውን ከአባቱ የወረሰ፣ የኔ እኩያ የሚሆን ሰው ነው። እሱ አስሮ የላከው ስብራት ሆስፒታል ሲደርስ እኛ የምንጨምርበት ነገር አልነበረም። አማርኛው ግን የገበያ አማርኛ ነው፤ ፍየል ለመሸጥ ይበቃዋል፣ ፊደል አይቆጥርም። ሚኒባስ ተሳፍሮ ሆስፒታል ድረስ መጣና "ሲስተር፣ እኔስ?" አለኝ። "ቀጣይ ዙር አለ፣ ታገስ" ብዬ ሸኘሁት። ልጮህለት ይገባኝ ነበር። አልጮህኩም። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝርዝሩ ላይ ፈረምኩ።

ሥልጠናው አለቀ፤ ሰርተፍኬት የያዙት ለየቡድኑ ተደለደሉ። ለቀብሪበያ የደረሳት የግምጃ ቤቱ ሰው ነው። ብዙም ሳይቆይ ቡድኗ ጅጅጋ መጥቶ ሲጫወት የክንፍ ተጫዋቹ ወደቀ። እኔ ከማዶ ሆኜ እግሩ ሲጠመዘዝ አየሁት። የቀብሪበያው ወጌሻ ከተመልካቹ መሀል ጣውላና ፋሻ ይዞ ሮጠ፣ መስመሩ ላይ ሲደርስ ግን የጨዋታው አስተባባሪ ደረቱን ይዞ መለሰው። በእጁ የሚያሳየው ወረቀት የኔ ደብዳቤ ነበር። የግምጃ ቤቱ ሰው አዲስ ሰደርያውን ለብሶ ገባ፤ የሚያቀዘቅዘውን ስፕሬይ ነፋበትና፣ "ተነስ! ምንም አልሆንክም፣ ርገጠው!" ብሎ በብብቱ ይዞ አቆመው። ወጌሻው ከመስመሩ ውጭ በሱማልኛ "አትንካው! አትንካው!" እያለ ይጮሃል። እኔ ሜዳውን ዞሬ እስክደርስ፣ የተሰበረውን እግር ሁለት እርምጃ አስረግጦታል።

ልጁ ዛሬም ያነክሳል። ኳስማ በዚያው ቀረ። ኮሚቴው ስለ ጉዳዩ አንዴ ተሰበሰበ፣ ያው በርጫው ላይ ማለቴ ነው፤ "የአላህ ሥራ ነው" ተባለና ተዘጋ። ዓመቱ ሲያልቅ ለሁላችንም የምስጋና ወረቀት ታደለንና ኮሚቴው ፈረሰ። የኔን በመስታወት አድርገው ነው የሰጡኝ። ወይ ነዶ!

ወጌሻውን ይቅርታ ለመጠየቅ ወራት ፈጀብኝ። በመጨረሻ ቀብሪበያ ሄጄ ገበያው ዳር፣ አንድ ሱቅ በር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አፌን ሳልከፍት፣ "ቆይ ሲስተር፣ ቆይ!" ብሎ ገባና የትምህርት ቤት ደብተር ይዞ ወጣ። ሴት ልጁ አማርኛ እያስተማረችው ኖሯል። ቤታቸው ከነበረው የአማርኛ ወረቀት ላይ አንድ መስመር በትልልቁ ገልብጣለታለች። ያንን ስንት አጥንት ቦታው የመለሰ ወፍራም ጣቱን በየፊደሉ ላይ እያሳረፈ፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ አነበበልኝ።

"ያ...ለ... ሰር...ተ...ፍ...ኬት... ሜ...ዳ..."

ጨረሰና ቀና አለ። ፊቱ በርቷል።

"ይኸው፣ አሁን አነባለሁ። ቀጣዩ ዙር መቼ ነው?"

"በቅርቡ" አልኩት።