የማለዳ ልኬት

ጋምቤላ ውስጥ ሥራውን የሚወድ ሰው ማለዳ ይነሳል። እኔ ደግሞ ደገኛ ነኝ፤ ከረፋዱ በኋላ ሙቀቱ ነፍሴን ያወጣታል። ስለዚህ በትንሿ የሶላር መገጣጠሚያችን ፓኔል የምንፈትነው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ አየሩ ገና ቀዝቀዝ ሳለ ነበር።

ያን ሰሞን ዋጋ የመቀነስ አባዜ ይዞኝ ነበር። በአንድ ፓኔል ላይ ከምንደረድራቸው ሠላሳ ስድስት ሴሎች አራቱን ቀነስኩ። ጠዋት ስንለካው ባትሪ ለመሙላት የሚበቃ ቮልቴጅ ሰጠ። ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

ከሠራተኞቹ አንዷ የኢታንግ ልጅ ናት፤ ቴክኒክ ኮሌጅ ሳስተምር ተማሪዬ ነበረች። በማግስቱ የቮልት መለኪያ ሜትሩን ይዛ መጣች።

"መምህር፣ እኔ ሰባት ሰዓት ላይ ለካሁት። ሲግል ቮልቱ ይወርዳል። ባትሪ አይሞላም።"

እኔ ሆዬ ምን ብል ጥሩ ነው? "ፀሐይ ስትበረታ ኃይል ይቀንሳል እንዴ? ለመሆኑ የት ነው የተማርሽው?" ሰው ሁሉ ሳቀ። የት እንደተማረችማ አውቃለሁ! ሴል ሲግል ቮልቴጁ እንደሚወርድ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩላት እኔው ነኝ። ሜትሩን ተቀብዬ መስታወት አጠባ ላይ መደብኳት።

ፓኔሉ ኢታንግ አካባቢ ወዳለ ጤና ጣቢያ፣ ለማዋለጃ ክፍሉ መብራት ሄደ። ብዙም ሳይቆይ "ባትሪው አይሞላም" ተባልን። አገሩን ስለምታውቅ እሷን ይዤ ሄድኩ። ቀትር ነበር። ቆርቆሮው ላይ ወጥቼ ፓኔሉን ብነካው መዳፌን አቃጠለኝ። ለካሁት። እሷ እንዳለችው ቮልቱ ወርዷል።

አዋላጇ ከታች ትጠብቀኛለች። "ስልኬን በጥርሴ ነክሼ፣ በስልክ መብራት ነው ያዋለድኩት! ማነው ይሄን ለክቶ የላከው?"

ላቤን መጥረግ ያዝኩ። እሷም ወደ ልጅቱ ዞራ በቋንቋቸው ጠየቀቻት። ልጅቱ አጭር መልስ ሰጠቻት። አዋላጇ ከእግር እስከ ራሷ ገላመጠቻትና ወደ ሥራዋ ገባች።

መኪና ውስጥ "ምን አልሻት?" አልኳት።

"የለካሁት እኔ ነኝ አልኳት።"

"ለምን?"

"መምህሬ አይደሉ? ላብ በላብ ሆነው ሲቆሙ አሳዘኑኝ።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከኢታንግ ገና መውጣታችን ነበር፤ ሹፌሩን "አዙረው" ማለት እችል ነበር። እኔ ግን "እግዜር ይስጥሽ" አልኳት። አመሰገንኳት እንጂ አልተመለስኩም።

አሁን ሠላሳ ስድስቱም ሴሎች ተመልሰዋል። ሜትሩ በእሷ እጅ ነው፤ የምንለካውም ቀትር ላይ ነው። ዋጋውን ሌላ ቦታ ላይ ለመቀነስ እየታገልን ነው። ለጤና ጣቢያው አዲሱን ፓኔል የተከለችውም እሷ ናት። አዋላጇ "ዛሬስ በደንብ ለክተሽዋል?" እንዳለቻት ስትመለስ እየሳቀች ነገረችኝ። እኔም አብሬያት ሳቅኩ።